ዝይዋ በር ላይ ቆማ የምትጮኸው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ቢሾፍቱ ነው። ግቢያችን ውስጥ ዐሥራ አንድ ሴት ዶሮዎች፣ አንድ አውራ ዶሮና ሁለት ዳክዬዎች አሉን። ጎረቤታችን የነበሩ ቤተሰቦች ወደ ሐዋሳ ሲዛወሩ አራት ዓመት ያሳደጓትን ዝይ ሰጡን። ጥንዷን ባለፈው ሰኔ ውሻ ገድሎባታል። እኛ ጋ ከመጣች ስድስት ቀኗ ነው፤ በመጣችበት ቀን ነው ከዶሮዎቹ ጋር የለቀቅናት። እህል በደንብ አትበላም፤ ከንጋት ጀምሮ የውጭው በር ላይ ቆማ ትጮኻለች፤ ዶሮዎቹን ከውሃው ታባርራለች። በጣም ቁጡ ናት። ከትናንት በስቲያ የስድስት ዓመት ልጄን ጭኑ ላይ ነክሳ አበለዘችው። ጎረቤት ማጉረምረም ጀምሯል። ባለቤቴ ‹ጨለለቃ ረግረግ ወስደን ከወፎቹ ጋር እንልቀቃት› ይላል። እኔ ግን አሳዘነችኝ። ምን ላድርግ?»

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

ከባለቤትዎ ሐሳብ ልጀምር፤ ጊዜ የማይሰጠው እሱ ነውና። እባክዎ ጨለለቃ አይውሰዷት። ባለቤትዎ ክፉ አስበው እንዳልሆነ ይገባኛል፤ ውሃ ያለበትና ወፍ የሚሰፍርበት ቦታ ለዝይ ቤቷ ይመስላል። ነገር ግን የእርስዎ ዝይ የዱር ወፍ አይደለችም። ዘሯ ከአውሮፓና ከእስያ የዱር ዝዮች ወጥቶ ለሺህ ዓመታት በሰው ግቢ ሲራባ የኖረ፣ ለሥጋ፣ ለእንቁላልና ለላባ እየተመረጠ የከበደ ነው። ጨለለቃ ላይ የሚያዩት የግብፅ ዝይ ሁለት ኪሎ ገደማ ቢመዝን ነው፤ ውሻ ሲመጣበት ተነሥቶ ይበራል። የእርስዎዋ ግን አምስትና ስድስት ኪሎ ተሸክማ፣ ክንፏን እያርገበገበች ጥቂት እርምጃ ከመሮጥ አታልፍም። የመጀመሪያው ሌሊት የመጨረሻዋ ይሆናል፤ ጥንዷ እንዴት እንደሞተ ያውቃሉ። ከዚህም ሌላ የውሃ ወፎች የሚሰበሰቡበት ረግረግ የወፍ ጉንፋን በቀላሉ የሚተላለፍበት ቦታ ነው። «እንግዲያው ለመዋኘት ብቻ ወስደን እንመልሳት» የሚል ሐሳብ ከመጣም መልሴ ያው ነው፤ ከዚያ ይዛው የምትመለሰው በሽታ ዶሮዎቹ ላይ ያርፋል።

አሁን ወደ ጩኸቷ ልምጣ።

ዝይ ብቻዋን የምትኖር እንስሳ አይደለችም። ሁለቱ አንዴ ከተጣመሩ ለዓመታት፣ ብዙ ጊዜም እስከ ሞት አብረው ይኖራሉ። ሲግጡ፣ ሲታጠቡ፣ ሲያሸልቡ በዝቅተኛ ድምፅ እርስ በርስ ሲነጋገሩ ይውላሉ። ድምፁ ከፍ የሚለው አንደኛው ከዓይን ሲርቅ ነው፤ «የት ነህ?» ማለት ነው። የእርስዎ ዝይ በሁለት ወር ውስጥ ጥንዷን፣ ያደገችበትን ግቢና የምታውቃቸውን ሰዎች በሙሉ አጥታለች። በሩ ላይ የምትቆመውም በዚያ በኩል ስለገባች ነው።

እናቴ ሆለታ በነበረው ግቢያችን ዝይ ታረባ ነበር። ሴቷ የሞተች ሰሞን ወንዱ እሷ ትተኛበት የነበረው የጭድ ጎድጓዳ ጠርዝ ላይ ይቆማል። ገብስ ስናቀርብለት ምንቃሩን ያስነካና ይተወዋል። አንድ ጊዜ ይጮሃል፤ ዝም ይላል፤ አንገቱን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል፤ ከዚያ እንደገና ይጮሃል። በጩኸቶቹ መካከል ያለውን ያንን ዝምታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ወደ ሦስት ሳምንት ገደማ እንዲህ ሆኖ ቆየና አንድ ቀን ጠዋት ሣር ሲግጥ አገኘነው። ስለዚህ ስድስት ቀን ገና ምንም አይደለም፤ «አልለመደችንም» ለማለት በጣም ቸኩለዋል። ቢያንስ አንድ ወር ይስጧት።

ዛሬውኑ የሚደረገው ነገር ግን ከዶሮዎቹ መለየት ነው። ወደ መንጋ የሚገባ አዲስ ወፍ ሁሉ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ለብቻው መቆየት ነበረበት። ዝይ ዶሮ የሚፈጀውን የፈንግል በሽታ ቫይረስ ምንም ምልክት ሳታሳይ ልትሸከም ትችላለች፤ ዶሮ ቤት ከገባ ግን ፈንግል ምን እንደሚያደርግ ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም። ስድስት ቀን አብረው ስለዋሉ አሁን መለየቱ ይህን አደጋ ሙሉ በሙሉ አያስቀርም፤ ይህን ልደብቅዎት አልችልም። ስለዚህ ለሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ከዶሮዎቹ አንዱንም አይሽጡ፣ ለማንም አይስጡ፤ አንገቱ የሚጠማዘዝ፣ አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ፣ ክንፉን የሚጥል ወይም አረንጓዴ ተቅማጥ የያዘው ዶሮ ካለ በየጠዋቱ ይመልከቱ። የፈንግል ክትባት ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተከተቡ ያስታውሱ፤ ወራት ካለፉ ሐኪም አማክረው ያስከትቡ። ክትባቱን ለአገር የሚያመርተው ተቋም እዚያው ከተማችሁ ውስጥ ነው፤ ለእርስዎ ከብዙዎቻችን ይቀርባል።

ሲለዩዋት ከዓይን አያርቋት። ለበሽታ ጥንቃቄ ብቻ ቢሆን ከግቢው ማዶ ማቆየት ይሻል ነበር፤ አሁን ግን አንዴ ተቀላቅለዋልና ብቸኝነቷ ያመዝንብኛል። በአጣናና በሽቦ መረብ አንድ ጥግ ይከልሉላት፤ ዳክዬዎቹንና ዶሮዎቹን የምታይበት፣ ግን የማትደርስበት ይሁን። ሁልጊዜ ዶሮዎቹን አስቀድመው ይመግቡ፣ እሷን መጨረሻ ላይ፤ ከዚያ እጅዎንና ጫማዎን ይታጠቡ። ከክልሉ አንድ ጎን ደግሞ መስታወት ያቁሙላት። መስታወቱ በጭንቅላቷ ቁመት ልክ፣ እንዳይወድቅና እንዳይሰበር በደንብ የታሰረ ይሁን። ብቻዋን የቀረች ዝይ መስታወት ፊት ቁጭ ብላ፣ ላባዋን እያበጠረች፣ ያንን ዝቅተኛ ድምፅ እያሰማች መዋል የተለመደ ነገር ነው። የጓደኛ ምትክ አይሆንም፤ እነዚህን ሳምንታት ግን ያሻግራታል።

ውሃውን በተመለከተ፣ ዶሮዎቹን የምታባርረው ስለምትጠላቸው ሳይሆን ውሃው ስለማይበቃት ይመስለኛል። ለዶሮ የምናስቀምጠው ጠፍጣፋ የውሃ መጠጫ ለዝይ አይሆንም። ዝይ ውሃ የምትፈልገው ለመጠጣት ብቻ አይደለም፤ ጭንቅላቷን ሙሉ በሙሉ ነክራ ዓይኗንና የአፍንጫዋን ቀዳዳዎች ማጠብ አለባት። ይህን ካላገኘች ዓይኗ ይቆሽሻል፣ አፍንጫዋ ይደፈናል፣ የጎረሰችውም በደንብ አይወርድላትም። ሃያና ሃያ አምስት ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ባልዲ ይበቃል፤ እንዳይገለበጥ ሥሩን በድንጋይ ይደግፉት። ኩሬ መቆፈር የለብዎትም። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ሞልተው ቢያቀርቡላት ገብታ ትታጠባለች። ስትወጣ ልብ ብለው ይዩዋት፦ ምንቃሯን ከጭራዋ መነሻ ላይ፣ በጀርባዋ በኩል ያለው የዘይት እጢ ላይ ታሽና ዘይቱን በላባዋ ላይ ሁሉ ትቀባዋለች። ላባዋ ዝናብ የማያስገባው በዚህ ነው፤ የማትታጠብ ዝይ ግን ላባዋን መንከባከብ እየተወች ትሄድና ዝናብ ሲመታት እስከ ቆዳዋ ትበሰብሳለች። ውሃ በፈረቃ የሚመጣባችሁ ከሆነ የሳፋውን ውሃ አይድፉት፤ ለጎመንና ለቆስጣ መደብ ግሩም ማዳበሪያ ነው። ባልዲውን ግን ከምትተኛበት ቦታ ያርቁት። ዝይ በዙሪያዋ ያለውን ሁሉ ጭቃ ታደርጋለች፤ ነሐሴ ላይ ደግሞ ጭቃው አስቀድሞም አለ። ከባልዲው ሥር ጠጠር ያንጥፉ።

እህል አልበላ ማለቷ ከሚያስቡት በላይ ቀላል ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ዝይ ከአዕዋፍ መካከል እንደ በግ ናት፤ ዋና ምግቧ ሣር ነው። አጭርና ለምለም ሣር የምትግጥበት ቦታ ካላት እህል ትርፍ ነው። ሰርዶው ከአንድ ጣት ርዝመት ብዙም ካልበለጠ ቀኑን ሙሉ ስትነጨው ትውላለች። ረጅምና ያረጀ ሣር ግን ጉሮሮዋ ሥር ተጠቅልሎ ሊደፍንባት ስለሚችል አጭደው ያሳጥሩት። በተጨማሪ ሰላጣ፣ ቆስጣና የጎመን ቅጠል ከትፈው ባልዲው ውሃ ላይ ይበትኑላት፤ መሬት ላይ ያለውን የናቀች ዝይ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን ትለቅማለች። ማታ ማታ በውሃ የረጠበ ስንዴ ወይም ገብስ ሁለት እፍኝ ይስጧት። አሸዋና ደቃቅ ጠጠርም ከአጠገቧ አይጥፋ፤ ጥርስ ስለሌላት የበላችውን የምትፈጨው በእሱ ነው።

የእንቁላል ጣይ ዶሮዎችን መኖ ግን ዋና ምግቧ አያድርጉት። ካልሲየሙ እንቁላል ለማትጥል ወፍ ይበዛል፤ በጊዜ ብዛት ኩላሊት ይጎዳል። መኖ መስጠት ካስፈለገ የቄብ፣ ማለትም እንቁላል መጣል ያልጀመረች ዶሮ፣ መኖ ይሻላል። ዝይም ዳክዬም ከዶሮ የበለጠ ኒያሲን የተባለውን ቫይታሚን ይፈልጋሉ፤ እጥረቱ የሚታየው በእግር ላይ ነው። የቢራ እርሾ በዚህ ቫይታሚን የታወቀ ነውና ጥቂት መኖው ላይ ቢነሰነስ ይጠቅማል። ጠላ የሚጠመቅበት ቤት ካለ «አተላውን እንስጣት» የሚል አይጠፋም፤ አልኮል ያለበት ስለሆነ ይቅርባት።

ከሁሉ በላይ የሻገተ ነገር እንዳይነካት። በክረምት ጆንያ ውስጥ የታፈነ በቆሎና ኑግ ፋጉሎ አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ ይዞ ይገኛል፤ ዳክዬና ዝይ ደግሞ በዚህ መርዝ ከዶሮ በጣም ቀድመው ይጎዳሉ። ዶሮዎቹ በልተው ምንም ያልሆኑበት መኖ እሷን ሊገድላት ይችላል። የምትተኛበት ጭድም ሽታው ከተለወጠ ሳንባዋን ያሳምማል፤ በየጊዜው ይቀይሩት።

የመሶብ ትራፊን በተመለከተ፣ ወጥ የነካው እንጀራ አይስጧት። በርበሬው አይደለም ጉዳቱ፤ አዕዋፍ ማቃጠሉን አይሰሙትም። ጨውና ሽንኩርቱ ነው። ሽንኩርት የዝይን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ቢሾፍቱ ደግሞ አቮካዶ የሌለበት ግቢ ጥቂት ነውና ይህን አጥብቄ ልንገርዎ፦ አቮካዶ፣ ፍሬውም ቅጠሉም፣ ለወፍ መርዝ ነው፤ ልብን ይመታል። ዛፉ ግቢዎ ውስጥ ካለ እሷ ከምትግጥበት ቦታ ይከልሉት፤ የረገፈውን ቅጠል በየቀኑ ይጥረጉ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን የምጽፈው እየከበደኝ ነው። ከዓመታት በፊት ቤታችንን ስናድስ ጣሪያ የሚመቱት ሠራተኞች ምስማርና የሽቦ ቁራጭ ግቢው ላይ ጥለው ሄዱ፤ እኔም መልሼ አልለቀምኩትም። ከዝዮቻችን አንዷ ከሳምንታት በኋላ መክሳት ጀመረች። ሐኪሙ ከሞተች በኋላ ሲከፍታት ከሆዷ ውስጥ አንዲት የዛገች ምስማርና የተጠቀለለች ሽቦ አወጣ። ዝይ የሚያብለጨልጭ ነገር ካየች ትውጣለች። ስለዚህ ከመልቀቅዎ በፊት ግቢውን ጎንበስ ብለው፣ ቢቻል ማግኔት በገመድ አስረው እየጎተቱ ይልቀሙት። ልጅዎ ይህን ሥራ ይወደዋል፤ እሱንም ከእሷ ጋር የሚያስታርቀው እንዲህ ያለ ሥራ ነው።

ወደ ልጅዎ ልምጣ። ያበለዘችው ንክሻ ቀላል ነው አልልም፤ ስድስት ዓመት ማለት ገና ቁመቱ ከእሷ አንገት ብዙም ያልራቀ ልጅ ነው። ስለዚህ ለጊዜው ያለ አዋቂ ብቻውን ከእሷ ጋር አይሁን፤ ይህ አያከራክርም። ነገር ግን ዝይ ብዙ ጊዜ ሳታስጠነቅቅ አትነክስም። አንገቷን ዝቅ አድርጋ ወደፊት ዘርግታ እንደ እባብ «እስስስ» ስትል «አትቅረበኝ» እያለች ነው። ልጆች በዚህ ጊዜ ይሮጣሉ፤ የሚሮጠውን ደግሞ ታሳድዳለች። ልጅዎን እንዲህ ያስተምሩት፦ ይቁም፤ እጆቹን ወደ ጎን ዘርግቶ ሰፊ ይሁን፤ ፊቱን ሳያዞር ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ይራመድ። በዱላ አይንካት፣ ድንጋይ አይወርውርባት። ዝይ የሰው መልክና ድምፅ ለይታ ታስታውሳለች፤ የመታትን ሰው በቀላሉ አትረሳም። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ዕቃ፣ አንድ ዓይነት ቃል እየተናገረ ሰላጣ በሽቦው በኩል ያቅርብላት። እርስዎም በቀን ሩብ ሰዓት ያህል ክልሉ አጠገብ ዱካ ላይ ቁጭ ይበሉ፤ ጎመን ይክተፉ፣ ቡና ይልቀሙ፤ ልትነኳት አትሞክሩ። ድምፃችሁን ትልመደው።

መያዝ ግድ ሲሆን በአንገቷ፣ በክንፏ ወይም በእግሯ አይጎትቷት፤ ይሰበራል። ሁለቱን ክንፎቿን ከገላዋ ጋር አቅፈው ብብትዎ ሥር ያድርጓት፤ ጭንቅላቷ ወደ ኋላዎ ይዙር፤ በሌላው እጅዎ ከሥር ይደግፏት።

የሌሊቱ ጩኸት ከምትተኛበት ቦታ ጋር ይያያዛል። ውጭ የምታድር ዝይ ለእያንዳንዱ የውሻ ጩኸትና ለእያንዳንዱ የመኪና መብራት መልስ ትሰጣለች። ሲመሽ ዙሪያው የተዘጋ፣ ጨለማ፣ ግን አየር የሚገባበት ቤት ውስጥ ያስገቧት፤ በሩ ይቀርቀር። ሸለምጥማጥ ዶሮ ብቻ አይደለም የሚበላው፤ ስለ ውሻ ደግሞ መናገር አያስፈልግም። ከቆጡ ሥር ግን አታድር፤ ዶሮዎቹ ከላይ ኩስ ይጥሉባታል። ለጎረቤቶችዎም ራስዎ ሄደው ነገሩን ያስረዱ፤ ጥንዷ ሞቶባት እንደምትጮኽ ሲሰሙ ብዙዎቹ ይታገሣሉ።

ከአራት ሳምንት በኋላ ሁሉም ጤነኛ ከሆኑ መቀላቀል ይቻላል፤ መጀመሪያ ከዳክዬዎቹ ጋር፣ ቀን ላይ፣ እርስዎ ባሉበት። ሁለት የውሃ ቦታና ሁለት የመኖ ቦታ ይኑር። ትንሽ ማባረር ይኖራል፤ አንዲት ዶሮን ለይታ ጥግ አስይዛ የምትነክስ ከሆነ ግን ይመልሷትና ሌላ ሳምንት ይጠብቁ። «ሴት ናት» ብለው ነው የሰጧችሁ፤ ሐኪም ያረጋግጥላችሁ። ወንድ ሆኖ ከተገኘ ከዶሮዎቹ ጋር ያለ ጠባቂ አይተዉት፤ ሊሰርራቸው ሲሞክር ክብደቱ ይጎዳቸዋል።

ሁለተኛ ዝይ ስለማምጣት አልጠየቁኝም፤ እኔ ግን እላለሁ። ዳክዬዎቹን ልትወዳቸው ትችላለች፣ እርስዎንም ልትከተል ትችላለች፤ ቋንቋዋን የሚመልስላት ግን ዝይ ብቻ ነው። ዝይ ሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ ልትኖር ትችላለች። ልጅዎ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ እሷ ገና ግቢዎ ውስጥ ልትሆን ትችላለች ማለት ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ብቻዋን እንድታሳልፍ አልመኝላትም። አይቸኩሉ፤ መጀመሪያ ትረጋጋ። ከዚያ በከተማችሁ ዝይ ከሚያረቡ ሰዎች ዕድሜዋ የተመጣጠነ አንዲት ሴት ዝይ ይፈልጉላት፤ እሷም በተራዋ አራት ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ። ሁለተኛ ዝይ ማሳደር የማትችሉ ከሆነ፣ ዝዮች ላሉት ጥሩ ሰው አሳልፎ መስጠት ነውር የለውም፤ ለባለቤትዎም ከጨለለቃ የተሻለው አማራጭ ይህ ነው።

ሐኪም ጋ መቼ ትሂድ? ሣር የምትበላ ዝይ ኩሷ አረንጓዴ ስለሆነ በዚያ አይደንግጡ። ምንም ሳትበላ ውሃ የመሰለ አረንጓዴ ስታወጣ፣ ስታነክስ፣ ስትተነፍስ ጭራዋ ከፍ ዝቅ ሲል፣ ወይም የእግሯ መዳፍ ላይ ጥቁር ቅርፊት ያለው እብጠት ሲያዩ ግን አይጠብቁ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለው ከተማችሁ ውስጥ ነው፤ ይዘዋት ይሂዱ። አሁን ደግሞ ክብደቷን ይወቁ፦ መጀመሪያ ብቻዎን፣ ቀጥሎ እሷን አቅፈው ሚዛን ላይ ይውጡ፤ ልዩነቱ የእሷ ነው። በየሳምንቱ ቅዳሜ ይመዝኗትና ይጻፉት። የደረቷ አጥንት እንደ ቢላ ስለት እጅዎ ላይ ከተሰማዎት ከስታለችና ቅዳሜን አይጠብቁ።

የሦስት ሳምንት ሚዛኗን ጽፈው ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል። ባልዲውንና መስታወቱን ግን ዛሬ፣ ሳይመሽ ያድርጉላት።